የዘጋ ይከፍታል

ጅጅጋ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት አለቃዬ ቢሮዋ ጠርታኝ፣ "ሻሕ ትወጃለሽ?" አለችኝ። አዲስ ሠራተኛ ነኝ፤ የተጠየቅኩትን ሁሉ እወዳለሁ። "በጣም!" አልኩና ሮጥ ብዬ ከግቢው በር አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ሁለት ብርጭቆ ሻይ በወተት ይዤ ተመለስኩ። አለቃዬ ሻዩን አየች፤ እኔን አየች፤ ከዚያ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

በሶማሊኛ ሻይ "ሻህ" ነው። "ሻሕ" ደግሞ መሬት ላይ መስመር እያሰመሩ በጠጠር የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ልዩነቱ ያለው ጉሮሮ ውስጥ ነው። እኛ ሀን፣ ሐንና ኀን በልጅነታችን እየተቆነጠጥን ለይተን ከተማርን በኋላ ሦስቱንም አንድ አድርገን የምንጠራ ሰዎች ስለሆንን፣ የእኔ ጉሮሮ ልዩነቱን እስከ ዛሬ አልያዘውም። ለማንኛውም ሻዩን ጠጣነው፤ ጨዋታውንም በዚያው አስተማረችኝ።

አለቃዬ የደገሀቡር ልጅ ናት። አባቷ የከብት ነጋዴ ነበሩ። ገበያው በቀዘቀዘ ቁጥር ጥላ ሥር ተቀምጠው ሻሕ ይጫወታሉ፤ ጠጠር ከጠፋ በፍየል በጠጥም ቢሆን። እሷ አጠገባቸው ተቀምጣ ጨዋታውን ለቀመችው። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ "ኤዶ" ነው የሚላት፣ አክስት እንደማለት። እኔ መጀመሪያ ላይ እንደ አስተዳደጌ "እርስዎ" ስላት ዞር ብላ ከኋላዋ አየች። "ማንን ነው? እኔ አንድ ሰው ነኝ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ "አንቺ" ሆነች፤ እኔም "አባዮ" ሆንኩላት፣ እህቴ እንደማለት።

በሻሕ ሁለት ጊዜ አሸንፋኝ በሦስተኛው ጠጠሮቿን ሁሉ መላወሻ አሳጣኋቸው። የምታንቀሳቅሰው አንድም አልነበራትም። "አሸነፍኩ!" ብዬ ተነሣሁ። ኤዶ ግን እጇን አጣጥፋ፣ "ክፈቺልኝ" አለች።

"ምኑን?"

"መንገዱን። ዘጋሽኝ አይደል? የዘጋ ይከፍታል። ከራስሽ ጠጠር አንዱን አንሺና መውጫ ስጪኝ።"

"ይሄ ምን ዓይነት ጦርነት ነው?" አልኳት።

"አባዮ፣ ግመል በረት ዘግተሽባት ሄደሽ አትተኚም። ውሃ ይጠማታል። ማሸነፍ ከፈለግሽ ከፍተሽ አሸንፊ።"

ከፈትኩላት፤ ተሸነፍኩ። ሕጉ ግን ሕግ ነው፤ ደገሀቡርም ቀብሪበያም ሻሕ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚስማማበት ነው አለችኝ። እኔም ተቀበልኩት። ያኔ ይህ ሕግ በእኔ በራሴ ሕይወት ላይ እንደሚመጣ በምን አውቄ።

ሥራዬ ሪፖርት መጻፍ ነበር። ከየወረዳው የሚመጣውን የእንስሳት ክትባት ወሬ አጠናቅሬ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚላከውን በአማርኛ አሰማምረዋለሁ። ስንት ፍየል እንደተከተበ ወረዳዎቹ ያውቃሉ፤ "በተቀናጀ ሁኔታ ርብርብ በማድረግ" የሚለውን መጨመር ግን የእኔ ሙያ ነው። ኤዶ የሪፖርት አማርኛ ታነባለች፣ ስህተትም ታወጣለች፤ መጻፉን ግን እንደ ጥርስ ሕመም ትጠላዋለች። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ሲሄድ አንድ ሪፖርት ለመጻፍ ስንት ቀን ታምማ እንደነበር ራሷ ነግራኛለች። ስለዚህ እኔን እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምታየኝ። ችግሩም ይኸው ነበር።

ባለቤቴ የሚሠራው አዳማ ነው። ከሠርጋችን ማግሥት ጀምሮ ትዳራችን በስልክ ነበር፤ ኔትወርክ ሲጠፋ የተፋታን ይመስለኛል። አዳማ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ሊቀበለኝ ተስማምቶ ነበር፤ የቀረው ኤዶ እንድትለቀኝ ብቻ ነው። በጠየቅኳት ቁጥር ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። አንዴ "ምትክ ይገኝ"፣ አንዴ "በጀት ዓመቱ ይለቅ"፣ አንዴ ደግሞ ምንም ሳትል ከመሳቢያዋ ብስኩት አውጥታ ሰጠችኝ። ማታ ባለቤቴ ደውሎ "ዛሬስ ምን አለችሽ?" ሲለኝ "ብስኩት ሰጠችኝ" አልኩት። ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እኔም አልሳቅኩም፤ ትራሴን ደህና አድርጌ አረጠብኩት። ቁርጥ አድርጎ "አይሆንም" የሚል አለቃ ጥሩ ነው፣ ጠልተሽው ታርፊያለሽ። ብስኩት የሚሰጥ አለቃ ግን ለመጥላትም አይመችም።

ከሻሕ ሌላ ምሳ ሰዓት ላይ ቼዝም እንጫወት ነበር፤ ወደ እሱ ልምጣ። ቼዙን ቁም ሳጥን ውስጥ የተወው አንድ ተዛውሮ የሄደ ባለሙያ ነው። አንድ ወታደር ጎድሎት በክትባት ጠርሙስ ክዳን ተተክቷል። እኔ መንዝ ሳለሁ ከአባቴ የተማርኩት የድሮውን ያገራችንን ቼዝ፣ ሰንጠረዥን ነበር። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች እጃቸው እንደቻለ በአንድ ጊዜ ጦራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ። ወረራ ይባላል። አባቴ በሌላ ጊዜ ቀስ ብሎ የሚራመድ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ በወረራ ጊዜ ግን እጁ አይታይም ነበር።

ቼዝ ተራ በተራ መሆኑን አውቃለሁ። ለኤዶ ሁለቱንም ነገርኳት፤ ትምረጥ ብዬ። "ተራ መጠበቅማ ባንክ ቤትም አለ" ብላ ወረራውን መረጠች። እንዲህ ሆኖ የምሳ ሰዓታችን አከፋፈት ተወለደ። "ቢስሚላህ" ትላለች፣ እኔ አማትባለሁ፣ ከዚያ አራት እጅ በአንድ ጊዜ ሰሌዳው ላይ ይወርዳል። ጠረጴዛው ይናወጣል፣ የጠርሙስ ክዳኗ ወለል ላይ ትንከባለላለች፣ የጎረቤት ቢሮው ሰውዬ ግድግዳ ይደበድባል። አንድ ወታደር ሲበላ ሁለታችንም እጃችንን እናነሣና እንደ ጨዋ ሰው ተራ በተራ እንቀጥላለን። ወታደሩን እሷ "አስካሪ" ትለዋለች። ፈረስ ግን በሁለታችንም ቋንቋ ፈረስ ነው፤ በፈረስ ተጣልተን አናውቅም።

ኮሮና ካለፈ በኋላ የመንግሥት ሠራተኞች የስፖርት ውድድር ተመለሰ። እግር ኳስ፣ መረብ ኳስ፣ ገመድ ጉተታ። አዘጋጆቹ ሁሉንም ካሰለፉ በኋላ ሴት እንደሌለበት ትዝ አላቸው። ገመድ ለመጎተት ፈቃደኛ የሆነች ሴት ስትጠፋ "የሴቶች ቼዝ" የሚል ተጨመረ፤ ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ስፖርት ስለሆነ ይመስለኛል። ከየመሥሪያ ቤቱ ጥቂት ሴቶች ተመዘገቡ። ከእኛ መሥሪያ ቤት ኤዶና እኔ።

የተመዘገብን ዕለት ምሳ ላይ፣ ሰሌዳው መሐላችን ተዘርግቶ ሳለ፣ የማላውቀው ድፍረት መጣብኝ። "ኤዶ፣ በውድድሩ ካሸነፍኩሽ ትለቂኛለሽ?"

ብስኩት ታወጣለች ብዬ መሳቢያውን አየሁ። አላወጣችም። ሻርፗን አስተካከለች።

"ካሸነፍሽኝ በማግሥቱ እፈርማለሁ፤ ወላሂ። ካሸነፍኩሽ ግን እስከሚቀጥለው ውድድር አዳማ የሚባል ከተማ ከአፍሽ አይወጣም።"

"አቻ ብንወጣስ?"

"አቻ?" አለች ፊቷን አጨማዳ። "እሱን እኛ አናውቅም። አባቴ አቻ ሲወጣ አይቼ አላውቅም።"

ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ከሥራ መልስ በስልኩ ቼዝ መለማመድ ጀመረ። እኔ ነኝ የምጫወተው፣ እሱ ነው የሚለማመደው። በየማታው "በፈረስ እንዳትጀምሪ" ይለኛል። የእኔ ልብ ደግሞ ሌላ ቦታ ነበር። አዳማ ላይ የራሴን ቁልፍ አውጥቼ የራሴን በር ስከፍት ይታየኝ ነበር። ያንን በር ለመክፈት የቀረኝ አንድ የኤዶ ንጉሥ ብቻ ነው።

ውድድሩ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሌሎቹ ሴቶች ብዙ አላስቸገሩንም፤ አንዷ እንዲያውም ንግሥቷ ስትበላባት ጨዋታው ያለቀ መስሏት ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ለመጨረሻው ግጥሚያ ኤዶና እኔ ቀረን። አዳራሹ ሞላ፤ ገሚሱ ከውጭው ፀሐይ የሸሸ የገመድ ጉተታ ቡድን ነው። ሾፌሮች፣ ጥበቃዎች፣ የከብት ሐኪሞች፣ ከደገሀቡር ለስብሰባ የመጡ ሽማግሌዎች ሁሉ ከበቡን። ዳኛው ከድሬዳዋ የመጣ ወጣት የስፖርት መምህር ነው። ጠዋት እግር ኳስ ዳኝቶ ስለመጣ ፊሽካው አንገቱ ላይ ነበር። የቼዙ ሕግ ስልኩ ላይ ነው።

"ጀምሩ" አለ።

ኤዶ "ቢስሚላህ" አለች። እኔ አማተብኩ። አራት እጅ ሰሌዳው ላይ ወረደ።

እግዜር ያሳያችሁ፣ ሁለታችንም አስበን ያደረግነው አይደለም። እጅ የለመደውን ነው የሚያደርገው። እኔ ሦስት ወታደርና ሁለቱንም ፈረስ አውጥቼ ነበር፤ እሷ ከእኔም ብሳ ንግሥቷን መሐል ሜዳ አድርሳለች። ፊሽካው ጆሯችንን ሲበሳው ነው የነቃነው። ዳኛው ደንግጦ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰዷል፤ ቢጫ ካርድ ሊያወጣ መሆኑ ነው።

"ምንድነው የምትሠሩት?" አለ።

"አከፋፈት ነው" አልኩት።

"የምን አከፋፈት?"

"የመንዝና የደገሀቡር" አለች ኤዶ፣ ፈርጠም ብላ።

ሕዝቡ አጨበጨበ። ዳኛው ስልኩን ወደ ላይ ወደ ታች ፈልጎ የመንዝና የደገሀቡር የሚል አጣ። ሁሉንም ወደ ቦታው መልሰን ተራ በተራ እንድንጀምር አዘዘን። ኤዶ ግራ እጇ ወደ ሰሌዳው እየሮጠ ስላስቸገራት ቀሚሷን ሰብስባ እጇን ከሥሯ አድርጋ ተቀመጠችበት።

ተራ በተራ ስንጫወት ሁለታችንም የማንተዋወቅ ሰዎች መሰልን። ቀዘቀዘ። ግን በዝግታው ውስጥ የባለቤቴ የማታ ማታ ምክር ሠራ መሰል፣ ቀስ በቀስ በለጥኳት። መጀመሪያ ፈረሷ ሄደ፣ ቀጥሎ ንግሥቷ፣ ከዚያ አስካሪዎቿ አንድ በአንድ። በመጨረሻ ራቁቱን የቀረ ንጉሥ ብቻ ቀራት። የእኔ ንጉሥና ንግሥት ደህና ቆመዋል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አዳማ የሚገኘውን በር በቁልፍ ከፍቼ ገብቼ መጋረጃ እየሰቀልኩ ነበር።

ንጉሡን እያባረርኩ ጥግ አስገባሁት። ንጉሡን መትቼ ቼክ ማለት እንኳ አላስፈለገኝም፤ ንግሥቴን አምጥቼ የፈረስ እርምጃ ያህል ፈንጠር አድርጌ አቆምኳትና መውጫውን ሁሉ ዘጋሁበት። ከዚያ ወንበሬን ተደግፌ ኤዶን አየኋት። ሴትየዋ ንጉሧን አየች፣ ሰሌዳውን አየች፣ ከዚያ እጇን አጣጠፈች።

"ክፈቺልኝ" አለች።

ከኋላችን ሾፌሮቹ አብረው፣ "ክፈቺላት!" አሉ። ዳኛው ቀረብ ብሎ ሰሌዳውን አጠና፣ ስልኩን አጠና፣ እንደገና ሰሌዳውን አጠና።

"አቻ ነው" አለ።

"ምን ማለትህ ነው?" አልኩት፤ ድምፄ ለራሴም አላማረኝም።

"ንጉሧ አልተመታም፤ ግን የምትሄድበት የላትም። ሌላም የምታንቀሳቅሰው የላትም። ይሄ በቼዝ አቻ ነው።"

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው። ትንሽ ራቅ ብዬ ቼክ ብላት ኖሮ ያለቀ ነገር ነበር። ከእኔ ቀድማ የተነሣችው ግን ኤዶ ናት።

"አቻ የለም!" አለች። "ዘግታኛለች፤ ትክፈትልኝና ትቀጥል።"

"እናቴ፣ ቢቀጥል እኮ ትሸነፊያለሽ" አላት ዳኛው፣ ያልገባት መስሎት።

"አውቃለሁ! ልሸነፍ ተወኝ!"

"አይቻልም።"

"የመሸነፍ መብት የለኝም?"

አዳራሹ ተናወጠ። ከደገሀቡር ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ከዘራቸውን መሬት እየመቱ ዘግቶ መቀመጥ ነውር መሆኑን በሶማሊኛ አስረዱ። የገመድ ጉተታው ቡድን በሙሉ ከእሳቸው ጎን ቆመ። ዳኛው ሶማሊኛም ሻሕም ያውቃል፣ የድሬ ልጅ ነው፤ ላቡን እየጠረገ፣ ሽማግሌውን እንደ አጎት ጠርቶ፣ "አዴር፣ ይሄ ሻሕ አይደለም፣ ቼዝ ነው!" ይላል። ይህን ግርግር የሰማ አስተናጋጅ ሻህ የታዘዘ መስሎት በትሪ ሻይ ይዞ ገባ። ያን ቀን የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው፤ ለካ የእኔ ዓይነት ጉሮሮ ያለው ሌላም ሰው አለ።

ዳኛው አልተበገረም። ፊሽካውን ነፋ፤ አቻ ተባለ። እጅ ለእጅ ተጨባበጥን። ኤዶ ፊቴን ሳታይ ወጥታ ባጃጅ ተሳፈረች።

ማታ ባለቤቴ ደወለ። "አሸነፍሽ?"

"አቻ ወጣን።"

"እና አቻ ሲሆን ትመጫለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ?" አለኝ።

"እኔ እንጃ። ግማሽ ግማሽ መሰለኝ።"

"ግማሽ መንገድ እኮ ሜኤሶ ነው" አለ። "ሄጄ እዚያ ልጠብቅሽ?"

እንዲህ የሚቀልደው ሲከፋው ነው። እኔም ስለማውቅ ደህና እደር ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ቅዳሜና እሑድን በር ዘግቼ ንግሥቴን ስረግም ከረምኩ።

ሰኞ ጠዋት ኤዶ አስጠራችኝ። ብስኩት ነው ብዬ ነበር የገባሁት። ጠረጴዛዋ ላይ ፋይል የለም፣ ስልክ የለም። ሰሌዳው ተዘርግቷል። ንጉሧ ጥጉ ላይ፣ ንግሥቴ ፈንጠር ብላ፣ ንጉሤ ከወዲያ። አንድ ሳታዛንፍ የአዳራሹን መልሳ ደርድራዋለች።

"ክፈቺልኝ" አለች።

"ዳኛው እኮ . . ."

"ዳኛው ድሬ ገብቷል። እዚህ እኔና አንቺ ነን። ቁጭ በይ።"

ቁጭ አልኩ። ንግሥቴን አንሥቼ አንድ እርምጃ አራቅኳት። ኤዶ ንጉሧን ከጥጉ አወጣችና እፎይ አለች፤ የእውነት እፎይ፣ ራሷ ጥጉ ውስጥ ተዘግታ እንደቆየች ሁሉ።

"ሁለት ቀን አልተኛሁም" አለች ሰሌዳውን እያየች። "ስለ ንጉሡ አይደለም። አንቺን ስንት ጊዜ ነው የዘጋሁሽ? በጀት፣ ምትክ፣ ብስኩት። የአባቴን ሕግ በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ጮኼ ተከራከርኩ፤ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ሕጉን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ተጫወቺ በይ። አሸንፊኝና ልፈርም።"

ዓይኔ ስለሞላ ሰሌዳው ሁለት ሰሌዳ ሆነብኝ። ያንን ቃል ለመስማት ስንት ማታ ተመኝቻለሁ። አሁን ሲመጣ ግን የመጀመሪያው ሳምንት ሻይ፣ ግድግዳ የሚደበድበው ሰውዬ፣ ወለል ላይ የምትንከባለለው ክዳን ሁሉ አብሮ መጣ። ይቺን ሴት ወድጃት ኖሯል። ትዳሬን ስትይዝብኝ እንኳ ወድጃት ኖሯል።

ንጉሧን ለመያዝ ጥቂት እርምጃ ይበቃኝ ነበር። የአዳራሹን ስህተት አልደግመውም፤ መንገዱን ቅዳሜና እሑድ በጭንቅላቴ ስመላለስበት የከረምኩት ነው። ግን ንግሥቴን ወዲያ አደረግኳት። ከዚያ ወዲህ አመጣኋት። ከዚያ ንጉሤን ያለ ሥራው አንሸራሸርኩት። ኤዶ ተራዋን ጠብቃ፣ ንጉሧን አንድ ወደፊት፣ አንድ ወደኋላ ታደርጋለች። ሻይ ታዘዘ፤ ሻይ ተጠጣ። ሰው በሩን ከፍቶ ገብቶ፣ ሁለታችንን አይቶ፣ መልሶ ዘግቶ ወጣ።

"አባዮ" አለችኝ በመጨረሻ፤ የምሳ ሰዓት ደርሷል። "መንገዱ ጠፋሽ?"

"አዎ" አልኳት።

"ዋሾ" አለች። ከዚያ የራሷን ንጉሥ በአንድ ጣቷ ገፋ አድርጋ ሰሌዳው ላይ አስተኛችው፤ "ተሸነፍኩ" ብላም እስክሪብቶዋን አነሣች።